ክርስትና ሳይነሳ የሞተውም ይቆጠራል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትም አንድ ጥያቄ ጥዬ ነበር፤ «ቤታችሁ መጥቶ መጠይቅ የሞላባችሁ ሰው አለ? ምን ተሰማችሁ?» ብዬ። ደብዳቤው ከጠበቅኩት በላይ መጣ። አምስቱን መርጬ ዛሬ እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ከዚያ በፊትም በኋላም የጤና ጥናቶች ላይ ሠርቻለሁ። የምመልሰው በር አንኳኩቼ ካየሁት ነው።

«የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ዕድሜዬ 41 ነው። ሁለት ልጆች ታብሌት ይዘው መጡ። ቡና አፍልቼ ተቀበልኳቸው። ስንት ወለድሽ አሉኝ። የሞተ አለ ወይ አሉኝ። ከዚያ ወለሌን አዩ፣ ሽንት ቤቱን ጠየቁ፣ በግና ዶሮ ቆጠሩ። መጨረሻ ላይ ጨው አምጪ ብለው ቆንጥረው ጠብታ ጠብ አደረጉበት። ጎረቤቴ 'ከጤና መድን ሊያስወጡሽ ነው' አለችኝ። ደንግጬ ቴሌቪዥኑ የእህቴ ነው አልኩ። የሞተውንም ልጅ ዝም አልኩ። ስምንት ቀኑ ነበር። ጥፋት ሠራሁ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጽናዎ። ስምንት ቀን ያቀፉትን ልጅ ለማያውቁት ሰው መንገር ከባድ ነው። ዝም ማለትዎን ጥፋት አልለውም። ግን ለምን እንደተጠየቁ ልንገርዎ። እያንዳንዱ ጥያቄ ምክንያት አለው፤ ጠያቂዎቹ ግን ብዙ ጊዜ አያስረዱም። ይህ እኔንም ይቆጨኛል። ስንቱን ቤት ሳላስረዳ ወጥቻለሁ።

ከፍርሃትዎ ልጀምር። ጤና መድንና ሴፍቲኔት ላይ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚባለው በቀበሌ በኩል ነው። እዚያ ስም አለ፣ ዝርዝር አለ፣ ኮሚቴ አለ። ጥናት ሌላ ነው። በጥናት ቤትዎ የተመረጠው በዕጣ ነው። አገሩ መጀመሪያ በትንንሽ የቆጠራ ቦታዎች ይከፈላል። ጥቂቶቹ በዕጣ ይወጣሉ። በወጡት ውስጥ ያሉ ቤቶች አንድ በአንድ ይመዘገባሉ፤ ከእነሱም እንደገና ዕጣ ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠው 16,650 ቤተሰቦች መልስ ሰጥተዋል። ከመላ አገሪቱ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጥናት አንድ ቤት የሚናገረው ከሺህ ለሚበልጥ ቤት ነው። የሚናገሩት ለጥናቱ ብቻ ነው፤ ለቀበሌ አይሰጥም። ቢሆንም በሚቀጥለው ጊዜ መታወቂያና ደብዳቤ ይጠይቁ። መብትዎ ነው። አልመልስም ማለትም መብትዎ ነው።

ጨዉ የእንቅርት ጉዳይ ነው፤ እንቅርት የሚመጣው አዮዲን ሲያንስ ነው። ጠብታው አዮዲን ያለበትን ጨው ሰማያዊ ያደርገዋል። ይኸው ጥናት በ2003 ሲደረግ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15 ገደማ ብቻ ነበር። ጨው ሁሉ አዮዲን ይጨመርበት የሚል ደንብ ወጣ። በ2008ቱ ጥናት 89 ደረሰ። ይህን ለውጥ ያየነው ከየቤቱ በተቆነጠረ ጨው ነው። በልጅነቴ በደባርቅ መንገድ አንገታቸው ያበጠ እናቶች አይ ነበር። እነሱን ሳስታውስ ያ ቁጥር ልቤን ደስ ይለዋል።

ወለሉ፣ ሽንት ቤቱ፣ በጉና ቴሌቪዥኑ ደግሞ የኑሮ ደረጃ መለኪያ ናቸው። ገቢህ ስንት ነው ቢባል እቅጩን የሚናገር ሰው የለም። ገበሬውማ ገቢውን በብር አስቦትም አያውቅ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ይመዘግቡና ቤቶችን ከድሃ እስከ ሀብታም በአምስት እኩል መደብ ያሰልፋሉ። ከዚያ የድሃው ልጅ ከሀብታሙ ልጅ ይልቅ ይሞታል ወይ? የድሃዋ እናት ጤና ጣቢያ ትወልዳለች ወይ? ብለው ያያሉ። ቴሌቪዥኑን የእህቴ ነው ማለትዎ ለእርስዎ ጥቅምም ጉዳትም የለውም።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። በ1997 ዓ.ም. ቆላ ድባ አጠገብ አንዲት እናት ጠይቄ ነበር። «ስንት ወለድሽ?» አራት አለችኝ። «የሞተ አለ?» የለም አለች። መጠይቁ እዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው። አልቅሶ ወይም ተንፍሶ፣ ለጥቂት ሰዓት ወይም ለጥቂት ቀን ብቻ የኖረ ልጅስ? ዝም አለች። አማቷ ከጓዳ ወጡ። «ሁለቱንስ?» አሏት። ወደ እኔ ዞረችና «ክርስትና ሳይነሳ የሞተም ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ከዚያ በፊት የሄደ ልጅ የክርስትና ስም አልወጣለት፣ ተዝካር የለው። እናቱ ግን አትረሳውም። «ይቆጠራል፤ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው» አልኳት። ወለሉን በጣቷ እየጫረች ነገረችኝ። አንዱ ሦስት ቀን ኖሯል፤ አንዷ ዐሥራ አንድ።

ለምን ዋናው አልኩ? በ1992ቱ ጥናት ከ1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ቁጥሩ 67 ሆነ። ትልቅ ነገር ነው። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ በየቀበሌው የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያመጡት ነው። ግን ቁጥሩን ከፍታችሁ ውስጡን እዩት። ያን ጊዜ ከ166ቱ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ የሞቱት 49 ነበሩ። በኋላ ከ67ቱ 29። ከሲሶ በታች የነበረው ወደ ግማሽ ተጠጋ። ትልልቆቹን ልጆች ይዘናቸዋል፤ ጨቅላዎቹ ናቸው የሚያመልጡን። ለጨቅላ ደግሞ ክትባት አይደርስለትም። አዋላጅ፣ ሙቀትና ኦክስጅን ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በጀት ነው። በስምንት ቀኑ የሞተ ልጅ ካልተቆጠረ በጀት የሚጠይቅለት የለም።

ሌላ አገር ይህን ከመዝገብ ያገኘዋል። እኛ ጋ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበላቸው 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እስካሁን ትልቁ መዝገባችን የእናቶች ትዝታ ነው። ለዚህ ነው ያን ከባድ ጥያቄ የሚጠይቁት።

ተቆጣጣሪ አንዳንድ ቤት ተመልሶ ያጣራል። ከመጣ ይንገሩት። ካልመጣም አይጨነቁ። ለእኔ ነግረውኛል።

«ቀላል ጥያቄ ነው። የጎንደር ከተማ ሕዝብ ስንት ነው? አንዱ ሦስት መቶ ሺህ ይላል፣ ሌላው ግማሽ ሚሊዮን። (ከአራዳ)»

በ1999 ዓ.ም. ስንቆጥር 207,044 ነበር። ከዚያ ወዲህ የተቆጠረ የለም። የምትሰሙት ሁሉ ከዚያ ቁጥር ተነስቶ የተሰላ ትንበያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ አራተኛው ቆጠራ ግን ደጋግሞ ተራዝሟል። ቁጥሮቹ የሚለያዩት እያንዳንዱ ሰው የራሱን የዕድገት ግምት ስለሚጠቀም ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከከተማው ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች ይጨምራል።

ይህ ለሹመኛ ብቻ የሚያስፈልግ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ተጽፎ አይቻለሁ። ነርሷ አልዋሸችም። የከተቧቸው ልጆች እውነተኛ ናቸው። የተከፈሉበት ቁጥር ነው ያረጀው። በአካባቢው ይኖራሉ ተብሎ ከተገመተው በላይ ልጅ ሲመጣ፣ ከመቶ በላይ ይሆናል። በዚያው ግድግዳ ሥር ግን ያልተከተበ ልጅ ሊኖር ይችላል። ተከራይ፣ ተፈናቃይ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ በኩል የገባ ሰው፣ ማንኛቸውም በ1999 ካርታ ላይ የሉም። ስለዚህ «ይህን ያህል ከመቶ» ሲሏችሁ «ከስንቱ?» በሉ።

«አምባ ጊዮርጊስ አስተምራለሁ። በአማራ ክልል ከ100 ልጆች 46ቱ ቀንጭረዋል ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ወገራ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሞላበት አገር ነው። የሰፈሬን ሕፃናት አያለሁ፣ ይሮጣሉ፣ ይጫወታሉ። ይህን ስም ለምን ይለጥፉብናል?»

መምህር፣ ቁጣዎ ይገባኛል። መቀንጨር የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ይመስላል። ግን ቁጥሩ የወጣው ልጆችን አንድ በአንድ በመለካት ነው። 46 ከመቶ የ2008ቱ ጥናት ነው። በዚያ ጊዜ አገር አቀፉ 38 ነበር።

እንዴት እንደሚለካ ልንገርዎ። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ሰሌዳ ላይ አስተኝተን፣ ከፍ ያለውን አቁመን ቁመቱን እንወስዳለን። ከዚያ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ይነጻጸራል፤ ከእነሱ በጣም ካጠረ ቀነጨረ ይባላል። መለኪያውን የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው የስድስት አገር ልጆችን ተከታትሎ ነው፤ ብራዚል፣ ጋና፣ ሕንድ፣ ኖርዌይ፣ ኦማንና አሜሪካ። የጋናውም የኖርዌዩም ልጅ በደንብ ከበላና ካልታመመ በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት አስተዳደጉ ተቀራራቢ ነው። «እኛ በዘራችን አጭር ነን» የሚለው ነገር ለሕፃን አይሠራም።

ታዲያ ዓይንዎ ለምን አላየውም? ከዕድሜው የተነሳ ነው። አንድ ጊዜ እዚያው ወገራ አንድ ልጅ ለካሁ። ድንቡሽቡሽ ያለ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። እናቱ «ሁለት ዓመቱ ነው» አለችኝ። ለሁለት ዓመት ቁመቱ ደህና ነው። እኛ ግን ዕድሜን ዝም ብለን አንቀበልም። የአካባቢ ክስተት ይዘን እናጣራለን። ለመስቀል ነው የወለድሽ ወይስ ለጥምቀት? የትኛው ጥምቀት? ዝናቡ የቀረበት ክረምት አልፎ ነበር? አብረን ቆጠርን፣ ቆጠርን። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደህና የመሰለኝ የሁለት ዓመት ልጅ የቀነጨረ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ጎረቤቶቹ ያሉ ልጆችም እንደሱ ስለሆኑ ማንም አጠረ አላለም። እርስዎም የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ጎተራው ሙሉ ሆኖ እንዴት? ጥያቄው በጣም ትክክል ነው። እህል ብቻውን ልጅ አያሳድግም። በዚያው ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ልጆች ለዕድሜያቸው የሚበቃ ዓይነትና መጠን ያገኙት 7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በአገር ደረጃ ነው ይህ። ከአምባ ጊዮርጊስ ጠዋት የሚነሳውን መኪና ልብ ብለው ያውቃሉ? እንቁላሉ በጭድ ተጠቅልሎ ለጎንደር ገበያ ይመጣል፤ በሱ ጨውና ሳሙና ይገዛል። ልጁ ገንፎና ሽሮ ይበላል። በጾም ወራት ደግሞ ድስቱ ይነካካል ተብሎ ለልጁም ወተትና እንቁላል ይቀራል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አላለችም። ይህን የነገሩኝ የነፍስ አባቴ ናቸው። ለልጁ ለብቻው ትንሽ ድስት መያዝ ነው መፍትሔው ይላሉ። የውሃው ንጽህናም አለበት። ደጋግሞ የሚያስቀምጠው ልጅ የበላው አይዋሃደውም።

ቁጥሩ መጥፎ ብቻ እንዳይመስልዎ። በ1992 በአገር ደረጃ 58 ነበር። የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚባለው፣ በ2007 ዓ.ም. የታወጀው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። የተሰየመው በእኛው ክልል ከተማ ነው። ቃሉ ይጠበቅ አይጠበቅ የምናውቀው ደግሞ ያንኑ የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ይዘን ስንመለስ ነው።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በምከታተለው የቴሌግራም ቻናል ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ጓደኛዬ ግን 2,400 ሰው የጠየቀ ጥናት ይበልጣል ብሎ ይከራከረኛል። ሒሳቡ አልገባኝም።»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ልክ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሂድና ሰሊጥ ገዢውን እየው። የጆንያውን አፍ ፈትቶ ላይ ላዩን አያምንም። ሹል ብረቱን ከላይ፣ ከወገብ፣ ከታች ወግቶ ያወጣል። መዳፉ ላይ የምትቀረው ጥቂት ፍሬ ናት። ስለ ሙሉው ጆንያ ግን በዚያ ይፈርዳል። ከአፉ ብቻ አንድ ቁና ቢዘግን ኖሮ ይከስር ነበር።

የቴሌግራሙ ድምፅ ከጆንያው አፍ የተዘገነ ቁና ነው። ስማርት ስልክ ያለው፣ ያን ቻናል የሚከታተል፣ ጉዳዩ ያናደደው ወይም ያስደሰተው ሰው ነው የመለሰው። የቆላ ድባዋ እናት እዚያ የለችም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ለ10 ሚሊዮን ሰው ወረቀት ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ አገኘ። በፕሬዝዳንት ምርጫው ላንደን ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ ስም የወሰደው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ ድሃው እዚያ የለም።

በዕጣ የተመረጠ 1,200 ሰው ስህተቱ ሲደመርም ሲቀነስም ከመቶ 3 ያህል ነው። 2,400 ከሆነ ከመቶ 2። ስህተቱን በግማሽ ልቀንስ ካልክ ሰዉን አራት እጥፍ ማድረግ አለብህ። ለዚህ ነው በአፍሪካ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በብዙ አገር በ1,200 ወይም በ2,400 የሚያቆመው። ይህ ስሌት ግን ለሁሉም ነገር እኩል አይሠራም። አስተያየት ሁሉም ሰው አለው፤ ሞት ግን የሚገኘው በጥቂት ቤት ነው፤ ስለዚህ ወሰኑ ይሰፋል። የ2008ቱ ጥናት ከ100,000 ወሊድ 412 እናቶች ይሞታሉ አለ። አብሮ የተጻፈው ወሰን ከ273 እስከ 551 ነው። ዜናው 412ን ብቻ ያነባል። አንተ ግን ወሰኑንም ጠይቅ።

ዕጣ የማይፈታው ችግር አለ። እሱም የሰው ሆድ ነው። አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያ መጀመሪያ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መጠይቁ መጨረሻ ላይ የምወደው ጥያቄ አለ፤ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» የሚል። መንግሥት ልኳችኋል ብሎ ያሰበ ሰው ስለ መንግሥት ሲጠየቅ ሆድ ይፍጀው ሊል ይችላል። እኔም አይቻለሁ። መንገድ የሚመራን ሰው ከአጠገብ ቆሞ ሳለ አባወራው ሁሉንም «ጥሩ ነው» ይላል። መሪው ጠላ ሊጠጣ ገባ ሲል ያው ሰው ሌላ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ መሪውን አመስግኜ ከበር እመልሰው ነበር።

«የዳባት ልጅ ነኝ። በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጥሬ ሥልጠና ልጀምር ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ዳባት የተወለደ ሰው ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያለ ቤት ለቤት ይከታተላል። ምናልባት እናትሽ ቡና ያጠጣቻቸው ይሆናል።

የሞት ምክንያት የምትጠይቂ ከሆነ ሐዘኑ እስኪረግብ ጠብቂ። እኔ ከ40 በፊት አልሄድም ነበር። ስትገቢ እርሳስሽን አታውጪ፤ መጀመሪያ «እግዜር ያጥናችሁ» በይ። ዕድሜ 30፣ 40፣ 50 እያለ ከመጣልሽ ሰዉ እየገመተ ነው፤ ወደ ክስተቱ መልሺው። ደርግ የወደቀ ጊዜ ስንት ነበርክ በይው።

ከሁሉ በላይ የተዘጋ ቤት ሲገጥምሽ ጎረቤቱን ተክተሽ አትሙይ። ቀኑ መሽቶ፣ እግርሽ ዝሎ፣ ያኛው ቤት ክፍት ሆኖ ይፈትንሻል። ተመለሺ። በሌላ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተመለሺ። እኔ አዘዞ ላይ ሁለት ቀን ተዘግቶ ያገኘሁት ቤት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ አንዲት ልጅ ከፈተችልኝ። የአራስ ቤት ነበር። ሕፃኑ አምስት ቀኑ ነው። ስሙን ብጠይቅ ገና አልወጣለትም አሉኝ። ዕድሜ በሚለው ቦታ ዜሮ ብዬ ጻፍኩት።